ሲቆረጥ ወተት ያወጣል

ይድረስ ለወንድምዓለም፣

እንዴት ከርመሃል? ወገብህስ ተሻለህ? እማዬ ደህና ናት፤ ቤት ለመጣ ሰው ሁሉ «የእኔ ዶክተር» እያለች ስለ አንተ ታወራለች። እኔ ግን ደህና ነኝ ብዬ አልዋሽህም። በንዴት እንቅልፍ ካጣሁ ሦስተኛ ሳምንቴ ነው።

የአባባን ቢጫ አበባ መቼም አትረሳትም። የዕፅዋት ክፍሉ ሹፌር ሆኖ ከአንተና ከፕሮፌሰርህ ጋር መስክ ሲወጣ ከገደል አፋፍ ያመጣትን። አንተ በመመረቂያ ጽሑፍህ የሱፍ አበባ የቅርብ ዘመድ ናት አልክ። አባባ ደግሞ በእጄ ስቆርጣት ወተት አውጥታለች፣ ወገኗ ሰላጣ ነው ብሎ ድርቅ አለ። ናሙናዋ ከደረቀች በኋላ ለማሳያ የሚሆን ወተት ከየት ይመጣል? ፕሮፌሰሩ ሹፌር ሊያስተምረን ነው ወይ ብለው ሳቁበት። በናሙናዋ መለያ ወረቀት ላይ ጽፌዋለሁ ቢልም፣ ወረቀቱ ሲታይ የለም። ውሸታም ተብሎ ከመኪናው ወርዶ በር ጠባቂ ሆነ። ስድስት ዓመት ሙሉ በዚያ በር ስትገባ ስትወጣ ብድግ ብሎ ሰላም ይልህ ነበር። እዚያው ወንበሩ ላይ ሞተ።

ባለፈው ወር ከቅጠሏ ቆንጥረን የዲኤንኤ ምርመራ አስደረግን። ውጤቱን ሦስት ጊዜ አነበብኩት። ሱፍም፣ ሰላጣም፣ ግራዋም የአንድ ሰፊ ቤተሰብ ልጆች ናቸው፤ እሷ ግን የበቀለችው ከሰላጣ ቅርንጫፍ ነው። ከሱፍ አበባ ይልቅ ግራዋ እንኳ ይቀርባታል።

ከዚያ ናሙናዋን እንደገና ከመደርደሪያ አወረድኩ። እዚህ ዕፅዋት ክፍሉ ስሠራ አሥር ዓመቴ ነው፤ መለያ ወረቀቷን ልብ ብዬ አይቼው አላውቅም። ግርጌው በመቀስ ተቆርጧል፣ ቀጥ ተደርጎ፣ በጥንቃቄ። ቁራጩን ፍለጋ ብዙ አልደከምኩም። እማዬ በጨርቅ ጠቅልላ ባስቀመጠችው የመስክ ደብተርህ ውስጥ ነበር። «ሲቆረጥ ወተት ያወጣል» ይላል፣ በአባባ ጽሕፈት። ለምን እንዳልተጣለ አልገባኝም። ይህን ያህል የሚቆጭ ሰው ካለ፣ አባባ በሕይወት ሳለ አፉን ምን ያዘው?

ለእማዬ አልነገርኳትም፤ እሱን ለአንተ ትቼዋለሁ። የምርመራውን ውጤት ግን ጽፌ ትናንት ለሳይንስ መጽሔት ልኬዋለሁ። የናሙናዋ ሰብሳቢ በሚለው ቦታ የአባባ ሙሉ ስም አለ። ሁለቱ የወረቀት ቁራጮችም ተገጥመው ፎቶ ተነስተዋል። ከመታተሙ በፊት ወደ ቤት ና፤ ከሰው አፍ እንዳትሰማው።

ለልጆችህ ዕድሜ፣ ለአንተም ልብ ይስጥህ።

የሹፌሩ ልጅ፣ እህትህ