የአቶ ሎረንስ ስኔይማን ሕይወትና ያልተመለሰችው የጥይት ካርቶን

አቶ ሎረንስ ስኔይማን ከአባታቸው ከአቶ ጊዲዮን ስኔይማንና ከእናታቸው ከወይዘሮ ሱሳና፣ ኦገስት 14 ቀን 1947 እ.ኤ.አ. በደቡብ አፍሪካ ከዊሊስተን ከተማ በስተ ሰሜን በምትገኘው በሪትኩይል እርሻ ተወለዱ። ዓመቱ የድርቅ ነበርና በጎቹ አለቁ፤ ሕፃኑ ተረፉ። ሲወለዱ እፍኝ የማይሞሉ ስለነበሩ አዋላጇ “ስም ለማውጣት አትቸኩሉ” ብላ ሄዳለች። አዝለው ያሳደጓቸው ታላቅ እህታቸው ወይዘሮ ሄስተር ናቸው። አዋላጇ ከሞተች ቆየች። ሎረንስ ግን ሰባ አንድ ዓመት ኖሩ፤ በሰው ግምት ገና ብዙ የሚቀራቸው ሰው ነበሩ።

ትምህርታቸውን በእርሻው አጠገብ በነበረች አንዲት ክፍል ጀምረው፣ በዊሊስተን አዳሪ ሆነው እስከ አሥረኛ ክፍል ተምረዋል። እሳቸው እንዲማሩ ሄስተር ከሰባተኛ ክፍል ቀርተው በግ ጠብቀዋል። ይህን የሚያነሳ ሰው ስለሌለ እዚህ ተጽፏል።

በ1964 አባታቸው በሽባነት ሲወድቁ እርሻውን ተረከቡ። በዚያ ዘመን ቀበሮ ጠቦት ይፈጅ ነበር። ሎረንስ ከሱቅ በገዙት ጥይት ሲተኩሱ አንዱ ቀኝ፣ አንዱ ግራ እየሄደ ቀበሮው ቆሞ ይመለከታቸው ነበር። የተናደዱት ያኔ ነው። “ፋብሪካ ለሁሉም ጠመንጃ ነው የሚሠራው፤ ስለዚህ ለማንም አልሠራም” አሉና፣ ከወተት ማለቢያው ጎን ያለችውን ክፍል ጠርገው ጥይታቸውን በእጃቸው መሥራት ጀመሩ። እስከ ሞቱ ድረስም አልተዉትም።

ሥራውን ላላየ ሰው ቀላል ይመስላል። ቀለሁን አንድ በአንድ ይመዝኑታል፤ አንገቱን እኩል ይከረክሙታል፤ ባሩዱን ሚዛን ላይ አፍስሰው የመጨረሻዋን ፍሬ በወረንጦ ያስቀምጣሉ። አረሩን በፀጉር ያህል ጠለቅ ወይም ብቅ ያደርጉታል። ከዚያ ወጥተው ይተኩሳሉ። ቀዳዳዎቹ ከተበታተኑ ተመልሰው አንድ ነገር ብቻ ይለውጣሉ። “ሁለት ነገር ባንድ ጊዜ የለወጠ ሰው ምንም አይማርም” ይሉ ነበር። እያንዳንዱ ጠመንጃ የራሱ አፍ፣ የራሱ ጉርሻ አለው የሚሉትም እሳቸው ናቸው። ሰው ለልጁ እንዲህ ቢጠነቀቅ ኖሮ በዊሊስተን ባለጌ ባልተገኘ።

በ1972 ወይዘሮ አሊዳን አገቡ። በሠርጉ ዕለት ሙሽሪት ቤተ ክርስቲያን በር ላይ ቆማ ሙሽራው ጠፉ። ሲመጡ ባሩድ ባሩድ ይሸታሉ።

“የት ነበርክ?” አለቻቸው አሊዳ፣ ሕዝብ እየሰማ።

“ነፋሱ ቆመልኝ” አሉ ቆባቸውን አውልቀው። “ስድስት ሳምንት ስጠብቀው ነበር።”

“እንግዲያው ነፋሱን አግባው!”

ቄሱ አስታረቋቸውና ተጋቡ። ሴት ልጃቸውን ሱሳናንና ወንድ ልጃቸውን ጊዲዮንን ወለዱ። በ1988 በብሉምፎንቴይን በተደረገ የረጅም ርቀት ተኩስ ውድድር አንደኛ ወጥተዋል። ዋንጫው ውስጥ አሊዳ ቁልፍ ታጠራቅማለች።

ሕጉ ሰው ለራሱ ካልሆነ በቀር ጥይት ሠርቶ እንዲሰጥ አይፈቅድም። ይህን ሁላችሁም ታውቃላችሁ። ሁላችሁም ደግሞ ባዶ ቀለሃችሁን በቆርቆሮ አድርጋችሁ ሎረንስ በረንዳ ላይ ትታችሁ ሄዳችኋል። ተሞልቶ በካርቶን ሲቀመጥ፣ ባለቤቱ ባለበትም በሌለበትም መጥታችሁ ወስዳችኋል። የበግ ታፋ ወይም የደረቀ ኮክ ትታችሁ። ማን ምን እንደወሰደ ተጠይቆ አያውቅም። ያልጠየቁት አፍ ስለሌላቸው አይደለም፤ ጎረቤትን በደጁ መጠየቅ ነውር ስለነበረ ነው። ዛሬ ነውሩ ቀርቷል።

በሥራ ክፍላቸው አንድ ሕግ ነበራቸው፦ ጠረጴዛው ላይ ከአንድ ቆርቆሮ ባሩድ በላይ አይቀመጥም። የሽጉጥ ባሩድ ቶሎ ይነዳል፤ የጠመንጃው እያዘገመ ይነዳል። በጠመንጃው ፈንታ የሽጉጡን የሞላ ሰው ጥይት ሳይሆን ቦምብ ሠራ ማለት ነው። ሕጉን የጣሰ እንግዳ ከክፍሉ ይባረር ነበር። የገዛ ልጃቸው ጊዲዮን እንኳ ተባርሯል።

ካለፈው ዓመት ወዲህ ዓይናቸው ደከመ። ሩቅ ያያሉ፤ ቅርብ ይጨልምባቸዋል። ሻይ ሲቀዱ ከስኒው ውጭ ያፈሱ ነበር። አሊዳ “ሐኪም ዘንድ ሂድ” ስትላቸው “ኮረብታው ላይ ያለችውን በግ በጆሮዋ ምልክት እለያታለሁ፤ ተይኝ” ይሏት ነበር።

ወይዘሮ ሄስተርም “በጓን አይደለም፣ አፍንጫህ ሥር ያለውን ነው!” ብለዋቸዋል። “እኔ ሰባ ዘጠኝ ዓመቴ ነው፤ መነጽር አድርጌ በመርፌ ክር እከታለሁ። አንተ ማን ሆንክና ታፍራለህ?”

“ሄስተር፣ መነጽር ያደረገ ሰው የሠራውን ጥይት ማን ይወስዳል?” አሉ።

ኩራት ነበር። የስኔይማን ቤት ኩራት፤ ከማን እንደወረሱት መጠየቅ አያስፈልግም።

ሴፕቴምበር 6፣ ሐሙስ ቀን፣ በጎች የሚወልዱበት ጊዜ ደርሶ ቀበሮ መጮህ ስለጀመረ፣ የጎረቤቶቹን ቀለህ በሙሉ ሲሞሉ ዋሉ። ለራሳቸውም ለሙከራ ጥቂት ጨመሩ። ካርቶኖቹን በረንዳው ላይ ደረደሩ። ዓርብ ማታ አንድም አልቀረም። ቅዳሜ ጠዋት ነፋሱ ጸጥ ብሎ ነበርና ዒላማ ሰቅለው ሊተኩሱ በሆዳቸው ተኙ። አሊዳ ድምፁን ከወጥ ቤት ሰማች። የተኩስ ድምፅ አልነበረም። ስትደርስ ጠመንጃው ተሰንጥቆ፣ መቀርቀሪያው ወጥቶ፣ ሎረንስ በአንገታቸው ደም እየፈሰሰ ቁጭ ብለው ነበር። እጃቸው ከሰው ሁሉ የረጋ ሰው! እስካሁን ማመን አልቻልንም። የሰማ ሁሉ “ሌላ ሎረንስ ይሆናል” ነው ያለው።

ፎጣ አስራላቸው፣ መኪናው ውስጥ አስገብታ ወደ ካልቪኒያ ሆስፒታል ከነፈች።

“ጠመንጃው አይደለም” አሏት መንገድ ላይ። “እኔ ነኝ። ሁለት ቆርቆሮ ነበር ጠረጴዛው ላይ።”

“አትናገር፣ ደሙ ይብሳል።”

“አሊዳ፣ በረንዳው ላይ የነበረው ሁሉ ያው ነው። ደውዪላቸው።”

“ሆስፒታል እንድረስና እደውላለሁ።”

“ዛሬ ማታ ቀበሮ ሊጠብቁ ይወጣሉ! ስልክ የሚይዘው ኮረብታው ጫፍ ላይ ነው። እዚያ አቁሚ።”

“አላቆምም!”

“ካላቆምሽ በሩን ከፍቼ እወርዳለሁ።”

አርባ ስድስት ዓመት አብራቸው ኖራለች፤ እንደሚወርዱ ታውቃለች። አቆመች። እሳቸው ስም ይጠራሉ፣ እሷ ትደውላለች። ፎጣው ቀልቶ ሌላ እስኪቀየር ድረስ ስም ይጠሩ ነበር። ያ ጊዜ ያድናቸው ነበር ወይ ለሚል ሐኪሙ መልስ የለውም። አሊዳን ይህን የሚጠይቅ ሰው ካለ አስቀድሞ ሄስተርን ያነጋግር።

አቶ ሎረንስ ስኔይማን በዚያው ቀን፣ ቅዳሜ ሴፕቴምበር 8 ቀን 2018፣ ፀሐይ ስትጠልቅ በካልቪኒያ አረፉ።

ቄሳችን “በድንገተኛ አደጋ ማለት ይበቃል፤ የሰውዬውን ስም እንጠብቅ” ብለው ነበር። ወይዘሮ ሄስተርም “ስሙን ጠብቀን ሰው እንግደል?” ብለው መልሰዋል። ጠመንጃው አርጅቶ ነው የምትሉ፣ ባሩዱ ተበላሽቶ ነው የምትሉ፣ ተዉት። ሎረንስ ተሳስተዋል። ስሕተታቸውን በአፋቸው ተናግረው፣ ደማቸውን ከፍለው ሊያርሙት ሞክረዋል። ከዚህ የበለጠ ስም የለም።

ከሐሙሱ ካርቶኖች አንዷ አልተመለሰችም። ሌሎቹ ሁሉ መጥተው ውሃ ውስጥ ተጥለዋል። አሊዳ ሎረንስ የጠሯቸውንም ያልጠሯቸውንም ስትደውል ሰነበተች፤ ሁሉም “እኔ ጋ የለም” አለ። አንዱ ይዋሻል። የጠመንጃ ፈቃዱን እንዳይነጠቅ ፈርቶ ነው። የፖሊስ ጣቢያችን ሳጅን ያፍታ እዚህ ሦስተኛው ወንበር ላይ ተቀምጠዋል። ትናንት እቤት መጥተው “እኔ ነገ የምመጣው ለወዳጄ ቀብር ነው፤ ዓይንም ጆሮም ይዤ አልመጣም” ብለው ቃል ሰጥተዋል። ዘር ማንዘራቸው ቃል አይበላም።

አቶ ሎረንስ ከወይዘሮ አሊዳ ሁለት ልጆችና አራት የልጅ ልጆች አይተዋል። ታላቅ እህታቸው ወይዘሮ ሄስተር በሕይወት አሉ፤ ታናሽን መቅበር እንዲህ ነው ብሎ የነገራቸው አልነበረም። ከድርቅ ዓመት ያወጣቸው ጌታ፣ ደክመው የሄዱትን አገልጋዩን በእጁ ተቀብሎ ያሳርፋቸው፤ ለአሊዳም እንቅልፍ ይስጣት።

አሁን ቄሱ ይጸልያሉ። ጸሎቱ ረጅም ይሆናል፤ ተነጋግረናል። ከጓሮ በር ውጭ ውሃ የሞላ በርሜል አለ። ካርቶኗ መኪናው ውስጥ ያለ ሰው ወጥቶ ይጣላት። ቤቱ የተዋት ሄዶ ያምጣት፤ ጸሎቱ ካለቀ መዝሙር አለ፣ መዝሙሩ ካለቀ እንደገና እንጸልያለን። ወንድማችን በመንገድ ላይ ቆመው ጠብቀዋችኋል፤ እኛም እንጠብቃለን። ካርቶኗ ውሃ ውስጥ ሳትገባ አስከሬኑ ከዚህ አይነሳም።

ሁላችሁም ዓይናችሁን ጨፍኑ።