ከሞጣ ወዲያ ያልሄድሁበት ምክንያት

ሞጣ፣ ኅዳር 16 ቀን 1997 ዓ.ም.

ይድረስ ለምወድሽ ልጄ ለወይንእሸት፤
ባሕር ዳር።

እኔ ደህና ነኝ። ደህና ነኝ ስልሽ እመኚኝ፤ እኔ እንዳንቺ አንዱን ደብቄ ሌላውን አልጽፍም።

ማክሰኞ ከሰዓት በኋላ መናኸሪያ ቆመሽ እንደጠበቅሽኝ አውቃለሁ። መኪና አልተበላሸብንም፤ እኔም አልታመምሁም። ከቢቸና ተነሥተን ሞጣ ድረስ በሰላም መጣን። እዚህ ስንደርስ ለባሕር ዳሩ ሚኒባስ ተሳፈሪ ብባል ጓዜን መሬት አስቀምጬ ላዩ ላይ ተቀመጥሁበት። አልሄድም አልሁ። አጎትሽ ውበቴ ለመነኝ፤ ተቆጣኝ፤ ሰው ሰበሰበብኝ። አንዱ ሚኒባስ ሞልቶ ሄደ፤ ሁለተኛውም ሄደ፤ እኔ ከጓዜ ላይ አልተነሣሁም። እህቴ አብዳለች ብሎ እሱ ሳይነግርሽ ምክንያቱን ከእኔ ስሚው።

ምክንያቱ ያንቺ ደብዳቤ ነው።

ባሕር ዳር ከገባሽ በሰባት ዓመት ውስጥ ከግማሽ ገጽ በላይ ጽፈሽልኝ አታውቂም። እሱም ቢሆን እኩሌታው ሰላምታ፣ እኩሌታው በርበሬ አልቆብኛል ነው። ዘንድሮ ግን ሦስት ገጽ ሙሉ መጣልኝ። «እማዬ፣ ባሕር ዳር ፀጥ ያለች፣ ያማረች ከተማ ናት። መንገዷ ግራና ቀኙ ዘንባባ ነው። ሐይቁ ዳር ተቀምጦ ውኃውን ማየት ብቻ ልብ ያሳርፋል። መጥተሽ አንድ ሳምንት እረፊ። ምንም አታምጪ፣ አንቺ ብቻ ነይ። አጎቴ ያመጣሻል።» በመሠረተ ትምህርት የቆጠርሁት ፊደል ለዚህ ቀን ጠቀመኝ። ማንም ሳያነብልኝ ደጋግሜ አነበብሁት።

ፀጥታ አልሽ። አባትሽ ካረፈ፣ አንቺ ከሄድሽ፣ ወንድምሽ መተማ ከወረደ ወዲህ እኔ ቤት ከፀጥታ በቀር ምን አለ? ውኃም አልሽ። ውኃ ዕድሜ ልኬን በጀርባዬ የተሸከምሁት ነገር ነው፤ ደግሞ ተቀምጬ ልየው? ዘንባባውም ቢሆን በሆሣዕና ደጄ ድረስ ይመጣልኛል። ያውም ጉማሬ አለበት የሚባል ሐይቅ! «ልብ ያሳርፋል» ካልሽው ላይ ስደርስ ወረቀቱን አጠፍሁት። ልቤ ከምን እንዲያርፍ ነው የምትጠሪኝ?

ደግሞ «ምንም አታምጪ»! በርበሬ እንኳ አልጠየቅሽም። ምንም ሳትይዝ ነይ የምትባል ሴት አውቃለሁ፤ ለመርዶ የምትጠራ ሴት ናት።

ከሁሉ ከሁሉ ግን በሦስት ገጽ ውስጥ ስለ ባንተአምላክ አንዲት ቃል የለችም። ወንድምሽ ሰሊጥ ሊያጭድ መተማ ከወረደ ሦስት ወር ሆነው። አምና በዚህ ጊዜ ተመልሶ የእኔን አጥር ያጥር ነበር። «ሰላም ብሎሻል» ብለሽ ብትጽፊ እንኳ አንድ ነገር ነው። አንቺ ግን እንደማታውቂው ሰው ዘለልሽው።

ውበቴ ሲጨመርበት ደግሞ ነገሩ ለየለት። ጤፉ ደርሶ ማሳ ላይ ቆሟል፤ ሊረግፍበት ነው። ማሳውን ለሚስቱ አምኖ የማይተው ሰውዬ ማጭዱን ሰቅሎ «እትዬ፣ እኔ አደርስሻለሁ» አለኝ። ከሾፌሩ አጠገብ ያለውን ወንበር ያዘልኝ። ደብረ ወርቅ ላይ ወርዶ ብርቱካን ገዛልኝ። እኔና ውበቴ አንድ ጡት ጠብተን ስናድግ፣ ስንዳር፣ ስንወልድ፣ ብርቱካን ገዝቶልኝ አያውቅም። ብርቱካኑን በእጄ እንደያዝሁ ነገሩ ገባኝ። ባንተአምላኬ ሞቷል፤ የሚያረዱኝ ባሕር ዳር ነው አልሁ።

የአገራችንን ነገር ታውቂዋለሽ። ሞት በድንገት አይነገርም። ሐዘንተኛው በሰርግ ወይም በክርስትና ተመካኝቶ ዘመድ ወዳለበት ይጠራል። ራቱን በልቶ ያድራል፤ ጎሕ ሲቀድ ሽማግሎች በሩን ይቆማሉ። እኔ ይህን በወሬ አይደለም የማውቀው። በገዛ እጄ አድርጌዋለሁ።

ይርጋነሽን ታስታውሺያታለሽ? ቢቸና ጎረቤታችን የነበረችው ፈታይዋ፤ ልጅ ሳለሽ ጠጉርሽን የምትሠራሽ። ከዘጠኝ ዓመት በፊት ባሏ ገብረ ኪዳን እህል ጭኖ ሲሄድ ዓባይ በረሃ መኪና ተገለበጠበት። ዘመዶቿ ያሉት ሞጣ ስለሆነ ሽማግሎቹ እኔን ጠሩኝ። አንቺን ታምንሻለች፣ የእህቷ ልጅ ክርስትና ነው ብለሽ ውሰጃት አሉኝ። ወሰድኋት። ይርጋነሽ ሹሩባ ተሠርታ፣ እንሶስላ ሞቃ ተነሣች። መንገዱን ሁሉ ስታስቀን መጣች፤ ሾፌሩን ሳይቀር ገብረ ኪዳን ሲያንኮራፋ እንዴት እንደሆነ እያስመሰለች አሳቀችው። እኔም አብሬ ሳቅሁ። ደብረ ወርቅ ላይ አንዴ ዞር ብላ አየችኝና «ካሰች፣ ፊትሽ ምነው? የሆነ ነገር አለ እንዴ?» አለችኝ። «ኪዳነ ምሕረትን! ምንም የለም» አልኋት። በማግስቱ ጎሕ ሲቀድ አረዷት።

ዓርባው ከወጣ በኋላ ልጠይቃት ብሄድ በር ላይ አቆመችኝ። «ሞቱን ያመጣው እግዜር ነው፤ ከእሱ ጋር አልሟገትም። ያን ሁሉ መንገድ እየሳቅሁ ያስኬድሽኝ ግን አንቺ ነሽ» አለችኝ። ቤቷን ለቃ ሞጣ ገባች። ከዚያ ወዲያ አንድ ቃል ተነጋግረን አናውቅም። ለአንቺም ለወንድምሽም ነግሬያችሁ አላውቅም፤ አፍሬ ነው።

እንግዲህ ሞጣ መናኸሪያ ጓዜ ላይ ተቀምጬ ያሰብሁት ይህንን ነው። እሷን በሳቅ ያስኬድሁበት መንገድ ለእኔ በብርቱካን መጣ አልሁ። ውበቴ «ማንም አልሞተም፣ ማርያምን!» ብሎ ማለልኝ። እኔም ምዬ አልነበር? «ስልክ ደውለሽ ጠይቂያት» አለኝ። በስልክ ማን ተረድቶ ያውቃል? ደህና ነው ከማለት ሌላ ምን ልትይኝ? ወይኔ ልጄ፣ ሰው ሁሉ ለደግ ብሎ በሚዋሽበት አገር እውነት ቢነግሩሽም አታምኝም።

ያን ጊዜ ነው ይርጋነሽ እዚሁ ሞጣ መኖሯ ትዝ ያለኝ። እየጠየቅሁ ቤቷን አገኘሁት። በረንዳ ላይ ተቀምጣ እንዝርቷን ታሾራለች። ስታየኝ እንዝርቱ ቆመ።

«ማንን ልታረጂኝ መጣሽ ደግሞ?» አለችኝ።

«ልጠይቅሽ እንጂ ልነግርሽ አልመጣሁም። የማይዋሸኝ ሰው አንቺ ብቻ ነሽ።»

«እንዴት ሆኜ?»

«ስለማታዝኝልኝ» አልኋት። «የሚያዝኑልኝ ሁሉ ይዋሹኛል። ባንተአምላክ ሞቶ ከሆነ ንገሪኝ። እየሳቅሁ አልሄድም።»

እንዝርቷን አስቀመጠች። ከዚያ «ግቢ፤ ፀሐይ ላይ አትቁሚ» አለችኝ። ወሬ እንዳልሰማች፣ ሰምታ ቢሆን ግን እንደማትደብቀኝ ነገረችኝ። የልጇ ባል ፋንታ ከሞጣ ባሕር ዳር ሚኒባስ ይነዳል። ሲገባ አስጠራችውና ቤትሽ የት እንደሆነ በእኔ አስነግራው እንዲህ ስትል አዘዘችው፦ «ነገ ሄደህ እይ። እንዳትጠይቅ። የጠየቅኸው ሁሉ ይዋሽሃል። ዓይንህን ብቻ ይዘህ ግባ።»

ረቡዕ ረፋዱ ላይ ቤት ተሳስቼ ነው ብሎ በርሽን ያንኳኳውን ረዥም ሰውዬ አስታወስሽው? ውኃ አጠጥተሽ የሸኘሽውን? የላክሁት እኔ ነኝ።

ፋንታን እስኪመለስ ስጠብቅ የዋልሁትን ዋልሁ። ይርጋነሽ እንዝርት አቀበለችኝ፤ ስፈትል ክሩ ይበጠስብኛል፤ እሷ ትቀጥልልኛለች። እሱ ሲገባ እንዝርቱን እንደያዝሁ ቀና አልሁ።

«ድንኳን የለም፣ እማማ» አለኝ። «ልጅዎ ቀይ ሹራብ ለብሳለች። ራዲዮኑ ይዘፍናል።»

«ሌላስ?»

«ግቢው ውስጥ አንድ ወጣት ጋቢ ተከናንቦ ፀሐይ ይሞቃል። ከስቷል። ዓይኑ ቢጫ ነው። አጥሚት ይዟል።»

«ከግራ ቅንድቡ በላይ በቅሎ የረገጠችው ጠባሳ አለው?»

«አለው፣ እማማ። ለእንግዳው ውኃ ስጪው ያላትም እሱ ነው።»

አመንሁ ብልሽ ውሸት ነው። እሱንም እንዲዋሸኝ ነግረውት ይሆናል ብዬ ይርጋነሽን ዞሬ አየኋት። ዓይን ዓይኔን አየችኝና «ሞቶ ቢሆን እዚሁ እነግርሽ ነበር፤ ጫማሽን እንኳ እስክታወልቂ አልጠብቅሽም» አለችኝ። ያን ጊዜ አመንሁ። ለሞተ ልጄ ያጠራቀምሁትን እንባ ለታመመው አፈሰስሁት። ውበቴም ሲጨንቀው አወጣው። ወባ ይዞት ከመተማ በሰው ትከሻ መጥቶ ኖሯል። ትንሽ ሥጋ ሲያበቅልልኝ፣ እማዬ ሐይቁን አይታ ልቧ ካረፈ በኋላ አሳያታለሁ ብለሽ ለእሱ ብቻ ነግረሽዋል። ውበቴ እውነቱን ምሎ ስላላመንሁት ተቀይሞኛል። ዛሬ ማለዳ ወደ ጤፉ ተመልሶ ሄደ። ብርቱካኑን ግን በልቼዋለሁ፤ ይህን ንገሪልኝ።

አሁን ልቆጣሽ ነው፤ ስሚኝ። እኔ ልጄን በአጥንቱም አውቀዋለሁ። እስኪወፍር ማን ጠብቂ አለሽ? ሁለተኛ እንዲህ እንዳታደርጊ። ሕመም ከሆነ ታሟል በይኝ፤ ሞት ከሆነም ሞት በይኝ። እየጮኽሁ ልምጣ፤ ምን ቸገረሽ? እየሳቁ ሄዶ እዚያ ደርሶ ከመውደቅ መንገዱን እያለቀሱ መጨረስ ይሻላል። ይህን ከይርጋነሽ ነው የተማርሁት።

ቁጣዬ ሲበርድልኝ ደብዳቤሽን እንደገና አወጣሁት። ዘንባባውን፣ ነፋሱን፣ ውኃውን አነበብሁ። ስልሳ ሊሞላኝ ነው፤ ለለቅሶ ተጠርቻለሁ፤ ለሰርግ ወጥ ሥራም ተጠርቻለሁ። መጥተሽ ተቀመጪ፣ የሚያምር ነገር እይ ብሎ የጠራኝ ሰው ግን አንቺ የመጀመሪያዋ ነሽ። መርዶ የመሰለኝም ለዚህ ነው፤ እንዲህ ያለ ጥሪ አላውቅማ። ሐይቁ እንደምትይው ማማሩን አሁንም እጠራጠራለሁ፤ አይቼ እነግርሻለሁ።

ዛሬ የኪዳነ ምሕረት ቀን ናት፤ በሐሰት የማልሁባት። ጠዋት ከይርጋነሽ ጋር ተሳለምን። ስንመለስ «ጣና ያምራል ይባላል፤ እውነት ነው?» አለችኝ።

«ልጄ እንዲያ ትላለች፤ እኔ እንጃ» አልኋት።

ጥቂት ሄደን «እኔም እመጣለሁ» አለች። «ማንም ባልሞተበት መንገድ አንዴ ልሂድ።»

ሸማኔው ሸማዋን ነገ ማታ ያወርድላታል፤ ቅዳሜ ጠዋት በፋንታ መኪና እንነሣለን። ይህንም ደብዳቤ የሚያደርስልሽ እሱ ነው። ይቅር በይኝ ገና አላልኋትም። አዴት ሳንደርስ እላታለሁ። ቅዳሜ መናኸሪያ ብቻሽን ነይ፤ ሽማግሌ የሚመስል ሰው ይዘሽ እንዳትቆሚ። ያንን ቀይ ሹራብሽን ልበሺ፤ ከሩቅ ልየው። ለሁለት ሰው አንጥፊ። ወንድምሽ ያልተፈጨ ነገር እንዳይበላ፤ ጾሙም ለበሽተኛ አይደለምና ወተቱን አታስቀሪበት።

በሐይቁ ደሴቶች ያሉ ታቦታት ሁሉ ይጠብቁሽ። የደበቅሽኝ ለፍቅር ነውና ፍቅርሽ ይባረክ፤ መደበቅሽን ግን እግዜር ያስተውሽ። ለባንተአምላክ ግንባሩን፣ ጠባሳው ላይ፣ ሳሚልኝ።

እናትሽ
ካሰች

በርበሬ ይዣለሁ። ምንም አታምጪ ያልሽውን አልሰማሁሽም።