ግራ እጅጌው

ይድረስ ለማከብርዎ ለባለቤቴ እናት፣

እማማ፣ እንዴት ሰነበቱ? ጉልበትዎ እንዴት ነው? ክረምቱስ እንዴት አለፈልዎ? በአንበሳሜ በኩል በረዶ ሰብሉን መታው ሲሉ ሰምቼ ነበር፤ የእናንተን ጤፍ እንዳልነካው ተስፋ አለኝ። እኔ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነኝ። እበላለሁ፣ እተኛለሁ፣ እነሳለሁ።

ስልክ ብደውል አያነሱም፤ ስለዚህ ጻፍሁ። ቄስ ደምሴ ሲያነቡልዎ መሀል ላይ በቃ እንዳይሏቸው አደራ። እስከ ታች ያስነብቡ፤ ከዚያ በኋላ እንደፈቀደዎ።

ልጅዎ ተስፋነህ የተቀበረ ዕለት የሆነውን አንድም አልረሳሁ። ኮቱን፣ ጋቢውን፣ ፎቶውን ለልቅሶ አውጥታችሁ፣ አልቃሿ ሙሾ እያወረደች፣ አንቱ ፊትዎን እየቧጨሩ፣ እኔ መሀል ላይ ቆሜ ዓይኔ አልረጠበም። ያን ሰዓት የማስበው የደብረ ታቦሩን ቤት ቆልፌ ይሁን ሳልቆልፍ የመጣሁት እንደሆነ ነበር። ሴቶቹ ዓይነ ደረቅ ሲሉኝ ሰምቻለሁ። አንቱም ልጄ ድንጋይ ነው ያገባው፣ ለልጄ ያላለቀሰች ቤቴን አትርገጥ አሉ። አልተቀየምሁም። ለመቀየምም ስሜት ያስፈልጋል፤ እኔ ዘንድ እሱ የለም። ይኸው ዓመቱ ሊሞላ ነው፤ እስካሁን አላለቀስሁም። ወጥ ላይ ጨው ሁለቴ ጨምሬ ሳይታወቀኝ እበላለሁ። ጎረቤት ስትቀምሰው ነው ጉዱ የሚታወቀው።

ይቺ ጎረቤቴ ሸጊቱ ትባላለች፤ ለተማሪዎች ሹራብ እየሠራች ነው የምትተዳደር። ከሥራ ከተመለስሁ ጀምሮ ግድግዳ ሳይ እንደማመሽ ስታይ ጊዜ፣ ትርፍ የሹራብ ማሽኗን በሰው አሸክማ አምጥታ ጠረጴዛዬ ላይ አሰረችው። ልጅዎ የተማሪ ደብተር ያርምበት የነበረው ጠረጴዛ ነው። ይሁን አይሁን ብላ አልጠየቀችኝም። ቦታው ባዶ ነበርና ተውኋት።

ማሽኑ በእጅ የሚገፋ ነው፤ መብራት ቢጠፋም ግድ የለው። ረጅም ብረት ላይ ጫፋቸው የተቆለመመ መርፌዎች ተደርድረዋል። ክር የገባበትን እጀታ ከግራ ወደ ቀኝ ሲገፉት አንድ መስመር ይሠራል፣ ሲመልሱት ሌላ መስመር። ጨርቁ ቀጥ ብሎ እንዲወርድ ከሥሩ ክብደት ይንጠለጠልበታል። መማሪያ ክር የምናገኘው ከልባሽ ተራ አሮጌ ሹራብ ገዝተን እየተረተርን ነው፤ የተጨማደደውን አጥበን ገመድ ላይ ስንሰቅለው ይቃናል። የጉና ብርድ ሲመጣ ጣቴ ይደነዝዛል። ከሌላው አካሌ ጋር ተካከለ ብዬ መግፋቴን እቀጥላለሁ።

መጀመሪያ ሰሞን ያበላሸሁት ብዙ ነው። እጀታውን ፈርቼ መሀል ላይ ሳቆመው መርፌዎቹን ነክሶ ይይዛል፣ ስቸኩል ክሩ ይዘላል። አንድ ቀን የጀርባውን ጨርቅ ልጨርስ ጥቂት ሲቀረኝ ክሩ ከእጀታው ወልቆ ኖሯል፤ ሳላይ ገፋሁት። ክር ከሌለ መርፌዎቹ የያዙትን ሁሉ ይለቃሉ። የስንት ቀን ሥራ ከነክብደቱ ወለሉ ላይ ዱብ አለ። ሸጊቱ የማለቅስ መስሏት አፏን ያዘች። እኔ ክሩን መልሼ አስገብቼ ከመጀመሪያው ጀመርሁ። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች ብላ ልታጫውተኝ ሞከረች፤ የምቸኩልበት ምን አለኝ አልኋት። ቁጭ ብላ አየችኝና፣ አንቺ ሴትዮ አንዳንዴ ታስፈሪኛለሽ አለች። እኔም ራሴን እፈራለሁ፣ እማማ። እንዲህ ሆኜ እንዳልቀር እፈራለሁ።

ውሎ አድሮ እጄ ለመደ። ነሐሴ ላይ ሸጊቱ ለገበያ የሚሆን አንድ ሙሉ የወንድ ሹራብ ብቻሽን ሥሪ አለችኝ። ልኩን ነግራኝ ነበር፤ ረሳሁት። ተመልሼም አልጠየቅኋት። እጅጌ ሲሠራ በየጥቂቱ መርፌ እየተጨመረ ነው የሚሰፋው፤ የት ላይ እንደሚበቃው እጄ ራሱ ነገረኝ። ገጣጥሜ ስጨርስ ሸጊቱ አልጋ ላይ ዘረጋችው። ደረቱ ጥሩ ነው፣ አንገቱ ጥሩ ነው፣ ግራ እጅጌው ግን ከቀኙ አራት ጣት ያህል ያጥራል። መስመሩ ሲቆጠር ጠፍቶብሻል፣ ይህን ማን ይገዛሻል፣ ተርትሪውና ድገሚው አለች። እኔም ስሕተት መስሎኝ የክሩን ጫፍ መፈለግ ጀምሬ ነበር። ከዚያ ልብ ብዬ አየሁትና አልተሳሳትሁም አልኋት። ለየላት ብላ ሳትሄድ አትቀርም።

ለአንቱ ማስረዳት አያሻኝም። ልጅዎ ገና ብላቴና ሳለ ከሾላው ዛፍ የወደቀ ዕለት አዝለው ወጌሻ ዘንድ የወሰዱት አንቱ ነዎት። አጥንቱ ጎብጦ እንደገጠመ፣ እጁም አጥሮ እንደቀረ ከሁለታችን በቀር ማን ልብ ብሏል? እዚህ አብረውት ያስተማሩት እንኳ አያውቁም። እጁን ኪሱ ከትቶ ነው የሚቆም፤ ፀሐይ ቢከርም ኮቱን አያወልቅም ነበር። የሸሚዙን ሁሉ ግራ እጅጌ እያጠፍሁ የሰፋሁለት እኔ ነኝ። አዲስ ሸሚዝ ስገዛለት ገና ሱቁ በር ላይ ሆኜ የት ድረስ እንደማጥፈው አውቃለሁ። እጄ ሌላ የወንድ ልክ አያውቅም።

ያን ቀንም አላለቀስሁም፤ ልዋሽዎ አልፈልግም። እጅጌውን ይዤ ተቀመጥሁ፣ ከዚያ ራት አቀረብሁ።

ሹራቡን ወደ አንበሳሜ ገበያ ለሚወርደው ለፈንታሁን ሰጥቼዋለሁ፤ ከዚህ ደብዳቤ ጋር ይደርስዎታል። ጥቅምት ላይ ለሙት ዓመቱ ልብሱ እንደገና ሲወጣ ይህም አብሮ ይውጣለት። አልቃሿ እጅጌው ምን ሆኖ አጠረ ብላ ከጠየቀች፣ አንቱ ይንገሯት።

እኔም መምጣት እፈልጋለሁ። ዓመቱን ሙሉ ምንም አልፈለግሁም፤ ይህን ግን እፈልጋለሁ፣ የዚያን ዕለት ከጎንዎ መቀመጥ። እንባ ያልመጣላት ሴት ዓይኗን ምራቅ ትቀባለች ይባላል፤ እኔ አልችልበትም፣ በእሱ ላይ ደግሞ አላደርገውም። ብመጣ የማለቅስ አይመስለኝም። እንዲህ እንዳለሁ ብመጣ ያስገቡኛል? ካልሆነም ደጅ እቀመጣለሁ።

ጉልበትዎን ያጽናልዎ። ደጃፍዎን ከክፉ ወሬ ይጠብቅልዎ። የልጅዎን ነፍስ በአብርሃም አጠገብ ያሳርፍልን።

ዛሬም ምራትዎ