የበጋ ሹራብ

ጥር 6

ያው የጠዋት ተራ፣ ያው የመንገድ ጭንቅንቅ። አንዱ ተሳፋሪ ገና እግሩን ሲያስገባ አየኝና “ሹፌሯ ሴት ናት እንዴ? ወራጅ አለ!” አለ። አውቶቡሱ በሙሉ ሳቀ። እኔም ሳቅኩ። “እናቴ የጦር መኪና ስትነዳ አንተ ገና ትድህ ነበር” ልለው ብዬ ተውኩት።

ቀበቶዬን ሳስር ግራ ብብቴ ስር የሆነ ነገር ጠዘጠዘኝ። ቀበቶው ነው። በቃ፣ ቀበቶው ነው።

ጥር 9

ቀበቶው አይደለም። ስታጠብ እጄ አገኘው። የሽምብራ ያህል፣ ጠንካራ። ደጋግሜ ነካሁት… ሳሙናው አሳስቶኝ ይሆን?

ልጄ በሩን ደበደበችው። “እማ፣ እዚያው ልታድሪ ነው እንዴ? ረፈደብኝ እኮ!”

“መጣሁ” አልኩ። ድምፄ የኔ አልመስል አለኝ።

እማዬንም እዚሁ ጋ ነው የጀመራት።

ጥር 10

ለማንም አልናገርም። ሆድ ይፍጀው።

ጥር 14

ሃምሳ አለቃ ደወሉ። በውትድርናው ዘመን የእማዬ ረዳት ሹፌር ነበሩ። “ልጄ፣ እሁድ እናትሽን እናስባታለን፤ የቀድሞ ወታደሮች ማኅበር አዳራሽ። አንቺም አንድ ሁለት ቃል ትያለሽ” አሉኝ።

ምን ልበል? ከሠራዊቱ ከወጣች በኋላም ወታደርነቱ አልወጣላትም። አልጋ ካነጠፍኩ ፍተሻ አለ። የጭነት መኪና እየነዳች ብቻዋን አሳደገችኝ። ከመንገድ ስትገባ መኪናውን ትምህርት ቤቱ በር ላይ ገትራ፣ ጋቢና ውስጥ አስቀምጣ ጸጉሬን ትሠራኝ ነበር። ሹሩባዬ ናፍጣ ናፍጣ ይሸታል፤ ልጆቹ ማደያ እያሉ ይጠሩኝ ነበር። ግን የማን እናት እንደዚያ ያለ መኪና ይዛ ትመጣለች? እኮራባት ነበር።

ጥር 16

የሆስፒታሉ ፌርማታ ላይ በየቀኑ አቆማለሁ። በሩ ይከፈታል፣ ሰው ይወርዳል፣ በሩ ይዘጋል። እኔ አልወርድም።

ጥር 18፣ እሁድ

አዳራሹ ሞልቶ ነበር። ሃምሳ አለቃ የኮንቮዩን ነገር አወሩ። በሰልፍ ሲነዳ መኪናው ውስጥ ችግር የሰማ ሹፌር ጡሩንባ ነፍቶ ሁሉንም ያስቆማል፤ ደንብ ነው። እማዬ አንድ ቀን የሆነ ድምፅ ሰምታ ያን ሁሉ መኪና ቀጥ አደረገችው። አዛዡ ወርዶ የስድብ መዓት አወረደባት። ጎማው ሲታይ ብሎኖቹ ላልተዋል። “ከኋላዬ ሰው አለ፣ እንዴት ዝም እላለሁ?” አለች አሉ። ሰዉ አጨበጨበ።

እኔ አላጨበጨብኩም። ይህችው ሴት አይደለችም በሽታዋን ደብቃኝ የሞተችው? በዚያ በመጨረሻው በጋዋ ሰው ሁሉ በላብ ሲጠመቅ እሷ ሹራብ አታወልቅም። “ብርድ ገብቶኝ ነው” ስትለኝ አመንኳት።

ሲወጡ በር ላይ ጠበቅኳቸው። “ሃምሳ አለቃ፣ እማዬ መታመሟን እርስዎ መቼ ነው ያወቁት?”

መሬት መሬት አዩ። “አንቺ የአውቶቡስ ስልጠናውን ስትጀምሪ። ‘ካወቀች ጥላው ትመጣለች፤ መንጃ ፈቃዷን ትያዝ፣ ከዚያ እነግራታለሁ’ አለችኝ። አስማለችኝ።”

“እና ዝም አሉ?”

“አለቃዬ ነበረች እኮ፣ ልጄ።”

ቱግ አልኩ። ምን እንዳልኳቸው አላስታውስም። መንጃ ፈቃዱን ምን ላድርገው? እኔ እሷን ነበር የምፈልገው!

ጥር 19

ዛሬ ተራዬን ለባልደረባዬ ሰጥቼ ሆስፒታሉ ጋ ወረድኩ። ገባሁ። ሐኪሟ በመርፌ ናሙና ወሰደች።

“ከቤተሰብ የታመመ አለ?”

“እናቴ።”

“ለውጤቱ ከማን ጋር ትመጫለሽ?”

“ብቻዬን።”

ቀና ብላ አየችኝ። ውጤቱ ሐሙስ ነው። ልጄ ከትምህርት ቤት ስትመጣ “ምን ሆነሻል?” አለችኝ። “ደክሞኝ ነው።”

ጥር 22፣ ሐሙስ

ካንሰር ነው።

አልተሰራጨም ብላኛለች ሐኪሟ። በጊዜ መጥተሻል፣ ግን ቀዶ ሕክምናው አይዘግይ። ሌላም ብዙ ነገር አለች… አፏ ሲንቀሳቀስ ነበር የማየው።

ልጄ ሰኞ ፈተና አላት። ፈተናዋን ትጨርስ፣ ከዚያ እነግራታለሁ።

ይህን ጽፌ አነበብኩት። ማን ነው አሁን ይህን የተናገረው? እኔ ነኝ ወይስ እማዬ?

ጥር 23

ልጄ ጠረጴዛው ላይ ታጠና ነበር።

“ደብተሩን ዝጊው።”

“ሰኞ ፈተና አለኝ እኮ!”

“አውቃለሁ። ዝጊው።”

ነገርኳት። አላለቀሰችም። “እንደ አያቴ?” አለች። አዎ፣ እንደ አያትሽ፣ እኔ ግን ቶሎ ሐኪም ጋ ሄጃለሁ።

“ትሞቻለሽ?”

“አይ” ልላት አፌን ከፈትኩ። “አላውቅም” አልኳት።

እርሳሷን ወረወረችው። “ታዲያ ፈተናዬን ብጨርስ ምን ነበረበት? አሁን ምን ላጠና ነው?” ጮኸችብኝ። ክፍሏ ገብታ በሩን ድርግም አደረገችው። እማዬ ልክ ነበረች ማለት ነው? ልጅቷን በከንቱ አተረማመስኳት? ከበሩ ፊት ቆሜ ማንኳኳቱም አቃተኝ።

በመጨረሻ ራሷ ከፈተችው። ዓይኗ ቀልቷል።

“የቱ ጋ ነው?”

እጇን ይዤ በልብሴ ላይ አስነካኋት። ፈልጋ አገኘችው።

“ያምሻል?”

“አሁን አያምም።”

እጇን አላነሳችም።