«አሉታዊ» ማለት መልካም ማለት መሆኑን ስላሳወቁን

ለተከበሩ የድንበር ተሽከርካሪዎች መተላለፊያ ጽሕፈት ቤት ዋና ኃላፊ፦

ከሁሉ አስቀድሜ የከበረ ሰላምታዬን፣ ደንቡ በሚያዘው መሠረት ከሁለት ሜትር ርቀት ላይ ሆኜ አቀርባለሁ። ጤናዎ እንዴት ሰነበተ? ቤተሰብዎስ? በዚህ የወረርሽኝ ዘመን ይህን የምጠይቀው ለወግ ያህል አይደለም። እርስዎ ከቢሮ አንድ ቀን ቢቀሩ ማኅተሙን የሚያሳርፍ ሌላ ሰው እንደሌለ ጸሐፊዎ ደጋግማ ስለነገረችኝ፣ ለጤናዎ የእኔን ያህል የሚጨነቅ ሰው ይኖራል ብዬ አላምንም።

እኔ የመኪና ማሽከርከር አስተማሪ ነኝ። ሃያ ሁለት ዓመት ሙሉ ሰው «ቁም» የሚል ምልክት ሲያይ እንዲቆም ሳስተምር ኖሬአለሁና፣ ቁም ስባል መቆም አያስከፋኝም። እናቴ የምትኖረው ከድንበሩ ማዶ፣ ከቤቴ በመኪና አርባ ደቂቃ በሚያስኬድ ቦታ ነው። ጡረታ የወጣች የስልክ ኦፕሬተር ናት፤ ፀጉሯ የሸበተው የወዲህኛውንና የወዲያኛውን ማዶ ሰው በገመድ ስታገናኝ ነው። እኔም ብቸኛ ልጇ ነኝ። ድንበሩ ሲዘጋ መርሳት ጀምራ ነበር፤ ሐኪሟም ደውሎ፣ እኔን የምትለይበት ጊዜ የሳምንታት ጉዳይ ስለሆነ ቶሎ እንድደርስላት መከረኝ። በዚህ ምክንያት ወደ ጽሕፈት ቤትዎ መጣሁ፤ ስለተደረገልኝም ሁሉ ምስጋናዬን በተራ ቁጥር አቀርባለሁ።

1ኛ. ስለ ቅጹ አመሰግናለሁ። ቅጹ «አሽከርካሪ ነዎት ወይስ ተጓዥ? አንዱን ብቻ ይምረጡ» ይላል። አሽከርካሪ ምርመራ አይጠየቅም፤ ነገር ግን ማዶ ተሻግሮ ከመኪናው መውረድ አይፈቀድለትም። ተጓዥ መውረድ ይፈቀድለታል፤ ነገር ግን የምርመራ ወረቀት ይዞ ከኋላ ወንበር መቀመጥ አለበት። ብቻዬን የምሄድ ሰው በመሆኔ፣ ለዚህም ጥፋቴ ይቅርታ እየጠየቅሁ፣ ሁለቱንም ሆኜ ተገኘሁ። እናቴን በመኪና መስኮት እጅ አውለብልቤላት መመለስ ሆዴ ስላልፈቀደ፣ ተመርምሬ «ተጓዥ» የሚለውን መረጥሁ፤ የኬላው ጠባቂም ተጓዡን መሪ እንደጨበጠ አግኝቶ በሕጉ መሠረት መለሰው። በሥራ ዘመኔ መኪናን ወደ ኋላ መንዳት ለብዙ ሰው አስተምሬአለሁ። ከኋላ ወንበር ሆኖ መንዳትን ግን ራሴም አልተማርሁም፤ ጽሕፈት ቤትዎ ሥልጠና ካዘጋጀ ቀድሞ የሚመዘገበው እኔ ነኝ።

በሁለተኛው ጉዞ፣ ሦስት ጊዜ ፈተና ወድቆ በአራተኛው ያለፈ የቀድሞ ተማሪዬን ለምኜ ሹፌር አደረግሁት። እኔም ከኋላ ተቀመጥሁ። እግሬ ሥር ፍሬን ሳይኖር ከእርሱ ጋር ስጓዝ የመጀመሪያዬ ስለነበር፣ እስከ ኬላው ድረስ አጥብቄ ጸለይሁ፤ ለመንፈሳዊ ሕይወቴም ስላደረጉት አስተዋጽኦ ባለውለታዬ ነዎት።

2ኛ. ስለ ምርመራው፣ በተለይም ስለ ቋንቋው አመሰግናለሁ። ወረቀቶች ሁሉ ከባዕድ ቃል እንዲጸዱ ባስተላለፉት መመሪያ መሠረት፣ ላቦራቶሪው ቀድሞ «ኔጌቲቭ» ይል የነበረውን ውጤቴን «አሉታዊ» ብሎ ጻፈልኝ። ጠባቂው ወረቀቱን አንብቦ ሦስት እርምጃ ወደ ኋላ ሸሸና፣ «ጋሼ፣ አሉታዊ ነው እኮ የሚለው! እንዴት እንዲህ ሆነው ይመጣሉ? ይታከሙና አዎንታዊ ሲሆንልዎ ይምጡ» አለኝ፤ ሹፌሬም ይህን እንደሰማ ጭንብሉን እስከ ዐይኑ ሳበው። በጠባቂው አልፈርድም። በየዓመቱ የሥራ ግምገማ «አሉታዊ አመለካከት» የተባለ ሰው ምን እንደሚደርስበት የሚያውቅ ሠራተኛ፣ አሉታዊ ሰው በእጁ አልፎ ቢገኝ ምን ይውጠዋል? ከእኛ ቀጥሎ የነበረው፣ ወገቡ እስኪጎብጥ ሳል የሚያጣድፈው መንገደኛ «አዎንታዊ» የሚል ወረቀት ሰጥቶ በሰላምታ አለፈ። እኔም በጤናዬ እያፈርሁ ተመለስሁ።

3ኛ. ስለ እርማቱ አመሰግናለሁ። ስሕተቱን በጽሑፍ ካመለከትሁ ከአሥራ ዘጠኝ ቀን በኋላ፣ በኬላው ሰሌዳ ላይ «ከዛሬ ጀምሮ አሉታዊ ማለት መልካም ማለት መሆኑ ይታወቅ» የሚል ማኅተም ያረፈበት ማስታወቂያ ተለጠፈ። አንዳንድ ሰዎች ዘገየ ብለው አምተውዎታል። እኔ ግን ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል ብዬ ተከራክሬልዎታለሁ። በእርግጥ ለሦስት ቀን ብቻ የሚያገለግለው የምርመራ ወረቀቴ በዚህ መካከል ጊዜው አልፎበት ነበር፤ አዲስ ምርመራ፣ አዲስ ቅጽና አዲስ ቀጠሮም ጊዜ ወሰዱ። በእነዚያ ሳምንታት ለእናቴ በየጠዋቱ እደውልላት ነበር። በመጀመሪያው ሳምንት ስልኩን ስታነሣ «የት ደረስክ?» ትለኝ ነበር። በአራተኛው «ማን ልበል?» ማለት ጀመረች፤ ስነግራት ግን ትስቅና ትመርቀኝ ነበር። በስድስተኛው ሳምንት ከነገርኋት በኋላ ደግማ ጠየቀችኝ።

4ኛ. በስምንተኛው ሳምንት ስላሳለፉኝ አመሰግናለሁ። ጠባቂው ወረቀቴን አይቶ «እንኳን ደስ አለዎት፣ አሉታዊ ነዎት» አለኝ፤ ያው ሹፌሬ እየነዳም ከሃያ ደቂቃ በኋላ ከእናቴ በር ደረስሁ። ስገባ ከመቀመጫዋ ተነሣች፤ ነጠላ ጫማዋን አስተካክላም እጅ ነሣችኝ። ሃምሳ አንድ ዓመት ሙሉ «አንተ» ስትለኝ የኖረች እናቴ፣ «ይግቡ ጌታዬ፣ ይቀመጡ። ከጽሕፈት ቤቱ ነዎት አይደል? ልጄን ድንበር ላይ ይዘውብኛል። አስቸጋሪ ልጅ አይደለም፣ እባክዎ ይልቀቁልኝ» አለችኝ። ጭንብሌን አውልቄ ልጇ እኔ እንደሆንሁ ብነግራት፣ ልጇ ያለ ፈቃድ የሚሻገር ሰው እንዳልሆነ በትሕትና አስረዳችኝ። እዚያው በሩ ላይ አለቀስሁ። ይህን በተገቢው የደብዳቤ ሥርዓት የምጽፍበት መንገድ አላገኘሁም፤ የቀረውን ሆድ ይፍጀው።

ለማኅተምዎ ረጅም ዕድሜ፣ ለመዳፍዎም ብርታት እየተመኘሁ፣ ለሰጡኝ ጊዜና ለወሰዱብኝ ጊዜ ሁሉ ዝቅ ብዬ እጅ በመንሣት እሰናበታለሁ።

ሁልጊዜም ታዛዥዎ የሆንሁት፣
የማሽከርከር አስተማሪው፣
እስካለፈው ወር ድረስም የእናቱ ልጅ

ማሳሰቢያ፦ ከላይ የተገለጸው የእናቴ አቤቱታ በስሕተት ለእኔ የቀረበ በመሆኑ፣ በዚህ ደብዳቤ ለሚመለከተው ለእርስዎ ተመርቷል። መልሱን ራስዎ ይዘውላት ቢሄዱ መልካም ነው፤ በየጠዋቱ ለብሳ፣ በር ላይ ወንበር አውጥታ እርስዎን ትጠብቃለች።