የጀርባ ጨረር

ይድረስ ለእትዬ፣

እንዴት ከርመሻል? ጉልበትሽስ ተሻለሽ? ልጆቹ አሁንም በሪሞት ይደባደባሉ? እኛ ደህና ነን። ደህና ነን ስል ግን እኔው ራሴ አላመንኩትም።

ወንድማችን ከመሥሪያ ቤቱ የጨረር መለኪያ ይዞ መጥቶ ቤቱን ክፍል በክፍል ለካው። ምድር ቤት እኛ የምንተኛበት ጋ ሲደርስ መሣሪያው እንደሚቆላ በቆሎ ተንጣጣ። ከግድግዳው ድንጋይና ከሥሩ ካለው መሬት የሚወጣ ነው፣ ትንሿም ብትሆን ትጎዳለችና ልቀቁ አለን። ባለቤቴ ደግሞ ራጅ አንሺነቱ ተነሣበት። ይህቺን ታህል ጨረር ሰው ከአፈሩም ከሰማዩም ሲያገኛት ኖሯል፣ ሰውነት ራሱን ይጠግናል፣ አንተ ድሮም ፈሪ ነህ ብሎ ሳቀበት። ወንድማችን ፈሪ ለእናቱ ብሎት ራት ሳይበላ ሄደ። ሁለቱም የተማሩ ናቸው። እኔማ ወንድሜ ሲያወራ እሱን አምናለሁ፣ ባሌ ሲያወራ ደግሞ እሱን።

አባባ ወንድማችን «የጀርባ ጨረር» ሲል ሰምተው ኖሮ፣ የወገባቸው ሕመም ከዚያ የመጣ መስሏቸው ከግድግዳው ፈቀቅ ብለው መቀመጥ ጀመሩ። በሳቅ ሞትኩ። የሰው ጀርባ ሳይሆን በየቦታው ያለ ጨረር ማለት ነው ብዬ አስረዳኋቸው። ግድግዳውን ዳበስ አድርገው፣ ይህን ድንጋይ አንድ በአንድ የጠረብኩት እኔ ነኝ አሉኝ። ሳቄ ጠፋ።

እትዬ፣ ሁለት ጊዜ ፅንስ ማጣቴን አንቺ ታውቂያለሽ። ከጨረሩ ይሆን ብዬ ሐኪሟን ብጠይቃት፣ በዚህ መጠን ነውም አይደለምም ለማለት አልደፍርም አለችኝ። ቤቱ ነው ካልኩ በአባባ እጅ ላይ ልፈርድ ነው። ቤቱ አይደለም ካልኩ ጥፋተኛ ሆኜ የምቀረው እኔው ነኝ። የቱ እንደሚሻለኝ እንኳ ግራ ገብቶኛል። ስለዚህ የአሁኑን ለባሌም ሳልተነፍስ በሆዴ ይዤዋለሁ።

ትናንት ከሥራ ስመለስ አልጋችን ከቦታው የለም። አባባ ጎረቤታችንን አናጺውን ለምነው ፎቅ አስወጥተውታል፣ መለኪያው ዝም ያለበት የራሳቸው ክፍል። የሳቸውን አልጋ ምድር ቤት አስወርደዋል። እኔ ምን ሆንኩና ነው አባባ ብዬ ተቆጣሁ።

ለአንቺ ነው ብሎ ማን ነገረሽ ብለው ሆዴን አየት አድርገው ትራሳቸውን ታቅፈው ወረዱ።

ጸሎትሽ አይለየን እትዬ። አንድዬ ጤናሽን ይጠብቅልኝ፣ ልጆችሽን ለወግ ለማዕረግ ያብቃልሽ።

ታናሽ እህትሽ