ባለቤቴ የሚሰማት ልጅ

ይድረስ ለምወድሽና ለማከብርሽ እህቴ ለእትዬ እንግዳወርቅ፣
ጅጅጋ።

እንዴት ከርመሻል፣ እትዬ? የወገብሽ ሕመም ተሻለሽ ወይስ አሁንም ጎንበስ ስትዪ ይይዝሻል? ጋሼ አሰፋስ ጤናው እንዴት ነው? ዶክተሩ የከለከለውን ስኳር አሁንም ተደብቆ ሻዩ ውስጥ ይጨምራል? አቢጊያና ኤልያቄም ትምህርታቸውን በርትተው ይዘዋል? የዚያ አገር ነፋስና አቧራስ ለደረትሽ አልከፋም? እኛ እግዚአብሔር ይመስገን፣ ከናፍቆትሽ በቀር ሁላችንም ደህና ነን።

የምነግርሽ ነገር በስልክ የሚሆን አይደለም፤ ስደውልልሽ ሁልጊዜ ባለቤቴ ተሬፋ አጠገቤ ነው። የጎረቤታችን የእትዬ ጉዴ ልጅ ሶፎንያስ ጭነት ይዞ ወደ እናንተ ስለሚመጣ በእሱ እጅ ሰደድሁልሽ። አንብበሽ ስትጨርሺ ለጋሼ አታሳዪው፤ ወንድ ለወንድ ያው ነው።

እትዬ፣ የያዘኝ ቅናት ነው። ለአንቺ ካልነገርሁ ለማን እናገራለሁ? ተሬፋ ለጋራዣችን ናኦሚ የምትባል ልጅ ቀጠረ። የእነ ተሬፋ ቸርች ሽማግሌ ልጅ ናት፤ ሕግ ተምራ ሥራ አጥታ ቁጭ ብላ ነበር። ደንበኛ እንድትቀበልና ደረሰኝ እንድትቆርጥ ብሎ ነው ያስገባት። ከዚያ ወዲህ ማዕድ ላይ የምሰማው «ናኦሚ እንዲህ አለች፣ ናኦሚ እንዲያ አለች» ብቻ ሆነ። ዕድሜውን በቱታ የጨረሰ ሰው የተተኮሰ ሸሚዝ መጠየቅ ጀመረ። እተኩስለታለሁ፤ ግን አብሮ የሚቃጠለው የኔ ሆድ ነው። ምሳውን በሰው እልክለት የነበርሁት ሴትዮ አሁን ኩል ተኩዬ ራሴ አደርሳለሁ።

ልጅቱ ባለጌ ብትሆን እንዴት በቀለለኝ። ስታየኝ ከመቀመጫዋ ብድግ ብላ ሳህኑን ትቀበለኛለች፣ «እትዬ ምኞት፣ ደከመዎት» ትለኛለች። የምይዝባት ነገር የለም፤ ይበልጥ የሚያንገበግበኝም እሱ ነው።

ነገሩን ያከረረው የኦቦ ፈየራ ጉዳይ ነው። ኦቦ ፈየራ የጉደር ሰው ነው፤ ናኦሚ ከመቀጠሯ ትንሽ ቀደም ብሎ የሚኒባሱን ፍሬን እኛ ጋ አሠርቶ ወሰደ። ብዙም ሳይቆይ ሰው ጭኖ ወደ ወንዙ ድልድይ ሲወርድ ፍሬኑ አልይዝ አለ። ሾፌሩ ብልህ ሆኖ ከዳገቱ አፈር ጋር አላትሞ ባያቆመው ወንዝ ይገቡ ነበር። የሞተ የለም፤ አንዲት ገበያተኛ ሴት ግን ክንዷ ተሰበረ። በማግስቱ ኦቦ ፈየራ ሲመጣ እኔም እንዳጋጣሚ ጋራዡ በር ላይ ነበርሁ። ተሬፋ ሰውየውን አላስገባውም። «ከኔ ዘንድ ደህና ሆኖ ነው የወጣው፣ ሾፌርህን ጠይቅ» ብሎ በሩን ዘጋበት።

ሰውየውም ሄዶ ንግድ ጽሕፈት ቤት አመለከተ፤ ለእኛም መጥሪያ መጣ። ተሬፋ «ፈቃድ አለኝ፣ ግብሬን እከፍላለሁ፣ ማን ይነካኛል» ብሎ ሊቀር ተነሣ። እኔ ደግሞ ከድሮም የምለውን ደገምሁለት፤ ቅር ያለው ሰው ሲመጣ አስቀምጠህ ስማው፣ መኪናውን ዓይኑ እያየ ፍታለት፣ ጥፋቱ የኛ ከሆነ ሳይከስሰን እንካሰው፣ ካልሆነም ምክንያቱን ጽፈህ ስጠው፣ መንግሥት ሲጠራህም ቅረብ አልሁት። «አንቺ ወጥሽ እንዳያርርብሽ» አለኝ። ናኦሚ ያንኑ ቃል ስትነግረው ግን ወንበር ስቦ ተቀመጠ። ከቀረህ በሌለህበት ይወሰንብሃል፣ ፈቃድህም ይታገዳል አለችው። «ልክ ነሽ» አላት። እትዬ፣ ከተጋባን ጀምሮ ያችን ቃል ለኔ ብሎኝ አያውቅም።

ከዚያ ተያይዘው ጉደር ሄዱ። ያን ቀን ደጅ ወጥቼ መንገዱን ሳይ ዋልሁ። ኦቦ ፈየራ ባለበት መኪናውን ሲፈቱት የፍሬን ዘይት የሚሄድበትን ቱቦ የኛ ሠራተኛ አጣሞ አስሮት፣ ጎማው እየታከከ በልቶት ኖሯል። ጥፋቱ የኛው ነበር። ናኦሚም ጽሕፈት ቤት ቀርበን ይህንኑ እንናገር አለች፣ እሱም እሺ አለ።

ጉዳያችን በሚሰማበት ቀን እኔም ነጠላዬን ለብሼ ተከተልኋቸው። «አንቺን ማን ጠራሽ?» ሲለኝ «ፈቃዱ በሁለታችን ስም ነው የወጣው» አልሁት። አዳራሹ ውስጥ ኦቦ ፈየራ አለ፣ ክንዷን ያሰረችው ሴትም ከጎኑ ተቀምጣለች። ተሬፋ የቱቦውን ነገር አልሸሸገም፤ መልካም እየሄደ ነበር። ሰብሳቢው ግን «ሰውየው መጀመሪያ ሲያመለክትህ ለምን አልተቀበልኸውም?» ብለው ጠየቁት። ያፈረ ሰው አፉ የሚያወጣውን አያውቅም፤ «እኔ ጋ አልመጣም» አላቸው።

ኦቦ ፈየራ ተነሣ። «እግዜር አይቶሃል፣ ተሬፋ» ብቻ ነው ያለው። የክፍሉ ፊት ሁሉ ተለወጠ፤ የተናገርነው እውነት ሁሉ በዚያች ውሸት ሊበላሽ ነው። ናኦሚ ያኔ ስላልነበረች የምትለው አጣችና ዞራ እኔን አየችኝ። አልዋሽሽም፣ እትዬ፣ እንዲህ ጨንቋት ሳያት ትንሽ ደስ አለኝ። ከዚያ ያቺን ክንዷን ያሰረች ሴት አየሁና አፈርሁ። ተነሥቼ «መጥቶ ነበር፤ በሩን ሲዘጋበት እኔ እዚያው ቆሜ ነበር። ባለቤቴ ደንግጦ ነው እንጂ አልረሳውም» አልሁ። ተሬፋም «እውነቷን ነው፣ ይቅርታ አድርግልኝ» ብሎ ኦቦ ፈየራን ለመነው።

ፈቃዳችን አልተነካም። መኪናውን በራሳችን ኪሳራ እንድንጠግን፣ ሴትዮዋን እንድናሳክም፣ ከእንግዲህም አቤት የሚልን ሰው ከበር እንዳንመልስ አስጠንቅቀው በጽሑፍ ሰጡን። ኦቦ ፈየራ ስንወጣ እጄን ይዞ «ገለቶሚ» ብሎ አመሰገነኝ። ባለቤቴ ግን ያመሰገነው ናኦሚን ነው።

ማታ ራት ሳቀርብ ይቆጣኛል ብዬ ስጠብቅ፣ ተሬፋ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ ናኦሚ አንድ ነገር ነገረችኝ አለ። ለካ ስለ ደንበኛ አያያዝ ለእሱ ያለችው ሁሉ እኔ ምሳ ሳደርስ ስነጫነጭ ከኔ የሰማችው ነው፤ እሷ ሕጉን ብቻ ነው የጨመረችበት። «ለካ ልክ ነበርሽ» አለኝ። ስንት ዓመት የጠበቅኋት ቃል መጣች፤ ግን አየሽ፣ እትዬ፣ ልክ መሆኔንም ያመነው እሷ ስለነገረችው ነው። ምን ይባላል? ወጥ ጨመርሁለት። አሁን ጋራዡ ውስጥ ለኔም ወንበር ተቀምጦልኛል፤ ቅር ያለው ሰው ሲመጣ እኔና ናኦሚ አብረን እንሰማለን። ሰዉ ግን ገና ከበር «ናኦሚ አለች?» ነው የሚለው።

ለጋሼ አሰፋ ጤና ይስጥልኝ በይልኝ። አቢጊያን ፀጉሯን ስትሠሪያት ስለኔ ሳሚያት፤ ኤልያቄምን አክስትህ ቁመትህን ልታይ ናፍቃለች በይው። ተሬፋ እጅ ይነሣል፣ እትዬ ጉዴም እንዲሁ። ናኦሚም ስጽፍ አይታ ሰላም በይልኝ ብላኛለች፤ የሰው አደራ ነውና አደረስሁ። አንቺ ግን መልስ ስትጽፊ ለእሷ ሰላምታ አትላኪ።

ናፋቂ እህትሽ ምኞት
አምቦ፣ ሚያዝያ 18 ቀን 2016 ዓ.ም.